ምጥን የሰፋችው አክስቴ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «ወስፌ» ይላታል። አንዳንዱ ስሙ የወጣላት ሥራ ላይ ጸጉሯ ውስጥ ከምትሰካው ወስፌ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከምላሷ ነው ይላል። እሷን የጠየቀ ሰው «ሁለቱም ይወጋሉ፤ ምን ለየው» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። መተዳደሪያዋ የመኪና ወንበር ማልበስ ነው። ጋራዦች በተደረደሩበት መንገድ ጫፍ፣ በጎማ ጠጋኙና በባትሪ ሠሪው መካከል አንዲት ክፍል አለቻት። የቆዳ ጥቅሎች ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ፤ ልብሳቸውን የተገፈፉ የወንበር ብረቶች ወለሉ ላይ ጎድናቸውን አሳይተው ይቀመጣሉ፤ ጥግ ላይ የስፖንጅ ቁራጭ እስከ ወገብ ተከምሯል። እኔ ትምህርት እንደጨረስኩ እሷ ዘንድ ገብቼ እስካሁን አለሁ። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ስሳሳት እኔን ትሰድባለች፣ ስትሳሳት ቆዳውን ትሰድባለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ደጃፋችን ቆመች። ከውስጧ አንዲት ረጅም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ወገቧን ይዛ ወረደች። የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት። የወንበሯ ስፖንጅ አልቆ ሽቦው ይወጋት ጀምሯል።

«ተማሪዎቼን ስለ ነፍሰ ጡር ወገብ ሳስተምር የራሴን ወገብ ጨረስኩት» አለች።

ሥራው እስኪያልቅ ከመሄድ ይልቅ በርጩማ ስባ ቁጭ አለች። አክስቴ አዲሱን ቆዳ ስፖንጁ ላይ ወጥራ፣ ጠርዙን በጉልበቷ ይዛ ስትስበው ቆዳው ጭንቅ እንዳለበት ሰው ይንጣጣል፤ ስትለቀው ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲስተር ይህን አይታ ብድግ አለችና ጣቷን ቆዳው ላይ ጫን አደረገች።

«ይሄ ስንት ጊዜ ተለጥጦ ይመለሳል?»

«እንደ ሰው ነው። አንዱ ይመለሳል፣ አንዱ አኩርፎ ይቀራል።»

«ጭንቅላት የሚያህል ነገር ቢያልፍበትስ?»

አክስቴ እጇን አቆመች። «የማን ጭንቅላት?»

«የሕፃን።»

ከዚያ ሲስተር ችግሯን አወራችን። ትምህርት ቤቱ ለመለማመጃ የሚሆን አንድ የፕላስቲክ ዳሌና አንድ የፕላስቲክ ሕፃን አለው። ፕላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሕፃኑ ድንጋይ ነው። «ተማሪዋ ስትስበው እንደ መሳቢያ ሸርተት ብሎ ይወጣል። በቃ፣ ማዋለድ እንዲህ ነው ብላ ትሄዳለች። እውነተኛ እናት ፊት ስትቆም ግን እጇ የማያውቀው ነገር ይገጥመዋል። ያን ጊዜ እጅ ይደነግጣል፤ የደነገጠ እጅ ደግሞ ይጎትታል።»

አክስቴ ሳቀች። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መቀመጫ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ሲስተር። ብዙም ከሰፈሬ አላራቁኝም።»

እንዲህ ተጀመረ። አክስቴ አራት ልጅ የወለደች ሴት ናት፤ «ምኑ ይጠፋኛል» ብላ ማንንም ሳታማክር ገባችበት። ካላት ጨርቅ ሁሉ ለስላሳውን መረጠች። ለሕፃኑ ቅንድብ ጠለፈችለት፣ ከንፈር አወጣችለት፣ ጉንጩ ላይ ሥርጉድ ሳይቀር አበጀችለት። እኔ እንኳ አይቼው ልታቀፈው ቃጣኝ።

ሲስተር መጥታ አየችውና መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች።

«ልጁ ቆንጆ ነው» አለች። «ግን ሲወለድ ስድስት ወሩ ነው።» ሕፃኑን በእግሩ አንጠለጠለችው። ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ ቀረ። «አዲስ የተወለደ ልጅ አንገቱን አይችልም። ይሄ ሊያናግረኝ ነው። እናቲቱ ደግሞ ትራስ ናት። አጥንቷ የት አለ? አጥንት ከሌለ መንገዱም የለም።»

አክስቴ አኮረፈች። ያን ሰሞን የሰፋቻቸው ወንበሮች ሁሉ ስፌታቸው የጠነከረ ነበር። ኩርፊያው ሲወጣላት ግን ሲስተርን ያለችበት ድረስ ሄዳ አገኘቻት።

«አራት መውለዴ እውነት ነው» አለቻት። «ግን ከውስጥ ሆኜ እንጂ ከፊት ሆኜ አላየሁትም። በዚያ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ያሳዩኝ።»

ሲስተር ፈቃድ ጠይቃ ማዋለጃ ክፍል አስገባቻት። ምጥ ላይ የነበረችው ሴት ሦስተኛ ልጇን የምትወልድ፣ ፊቷ በላብ የራሰ፣ ቀልቧ ግን ያልተበተነ ነበረች። አክስቴን አየችና «አንቺ ደግሞ ምንድን ነሽ? ልታለቅሺ እንደሆነ ውጪልኝ» አለቻት።

«አላለቅስም። ወንበር ሰፊ ነኝ» አለች አክስቴ።

ሴትዮዋ በምጥ መሀል ሳቀች። ሲስተር ኋላ እንደነገረችን ያ ሳቅ ከብዙ ግፊት በላይ ረድቷታል።

አክስቴ ያን ቀን ወደ ሱቅ ስትመለስ አትናገርም። ይህ በታሪኳ ታይቶ አይታወቅም። ቁጭ ብላ ከመኪና ወንበሩ ጎን ለጎን ያለበስነውን፣ ሰው ሳሎን ሊገባ የተዘጋጀውን ሶፋ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ሶፋ በጠባብ በር እንዴት ነው የሚገባው?»

«አዙረን፣ አጋድመን።»

«ይኸውልሽ። ልጁም ያውቃል። ወደ ታች እያየ መጣ፣ ትከሻው ሊያልፍ ሲል ራሱን አዞረ። ማንም አልነገረውም። ራሱ ዞረ።»

ይህን ለሲስተር ስትነግራት፣ ሲስተር «እኔ ይህንኑ ሰሌዳ ላይ በሥዕል፣ በቀስት፣ በረጅም ስም አስተምራለሁ፤ ተማሪው ይጽፈዋል፣ ይረሳዋል። ከእንግዲህ ሶፋ ነው የምለው» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ «አንቺ» ተባባሉ። እኔም አንቱ ስላት ትቆጣ ስለነበር ተውኩት።

ሁለተኛው ሥራ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ሲስተር ከትምህርት ቤቱ የዳሌ አጥንት በሣጥን አምጥታ የሥራ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠች። አንድ የታክሲ ሾፌር ገብቶ አየውና ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ወንበሬ አልተመቸኝም ያለ ደንበኛ ነው» አለችው አክስቴ፣ ቀና ሳትል።

ዳሌውን ከአሮጌ የወንበር ብረት እያጎበጠች፣ ከአጥንቱ ጋር እያስተያየች ሠራችው፤ በቀጭን ስፖንጅ ጠቀለለችው፤ መንገዱን ከሁሉ በሚለጠጠው ለስላሳ ቆዳ አለበሰችው። የሕፃኑ ጭንቅላት ነበር ያስቸገራት። የራስ ቅሉ አጥንቶች ሲወጡ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ፤ ካልተደራረቡ ጭንቅላቱ አያልፍም። ጠንካራ ቆዳ በትንንሹ ቆርጣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ እንዲንሸራተቱ አድርጋ ደረደረቻቸው፤ እርግብግቢቱ ባለበት ቦታ ግን ስስ ቆዳ ብቻ ተወች። ሲስተር ዓይኗን ጨፍና ጣቷን አስገብታ ዳሰሰችና «ወደ ግራ እያየ ነው» አለች። አወጡት። ወደ ግራ ያያል። ሁለቱም እንደ ልጅ ተቃቀፉ።

እጅና እግሩን በደቃቅ አሸዋ ሞላችለት፤ ሲይዙት እንደ እውነተኛ ልጅ ከየአቅጣጫው የሚያመልጥ ሆነ። እትብቱን ከላስቲክ ቱቦ ገመደችው። የእንግዴ ልጁ ከአንድ የሙሽራ መኪና ወንበር የተረፈ ቀይ ከፋይ ነው። ቅንድቡን ግን አልፈታችውም። «ይሄ ለእኔ ይቅር» አለች።

የአክስቴ ባል ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ቁጥብ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። እኛ ሁላችን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ያን ሰሞን ከመንገድ ሲመለሱ ሱቁ ብቅ አሉና ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን አዩ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

«አንቺ ሴት፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ከዚህ ነው የመጣው፤ ምን ይላል?»

«ቢያንስ ምሳ ስበላ አንሶላ ጣል አድርጊበት።»

አደረገችበት። ሰፈርም ዝም አላለም። ጎማ ጠጋኙ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ለአዋላጆች ምጥ የምታስተምር ወንበር ሰፊ ግን አሁን አየሁ» እያለ ያለፈ ያገደመውን ያስቅ ነበር። አክስቴ ተረቱን ወደደችው እንጂ አልተቀየመችም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የቆዳዋ እናት ተወደደች። ተማሪዎቹ «እትዬ ዝም» ብለው ስም አወጡላት፤ ማንም የፈለገውን ቢያደርጋት አትጮኽምና። እጃቸው በወራት ውስጥ ተፈታ። ሲስተር ግን አንድ ቀን ፊቷ ጨልሞ መጣች።

«አሁን ሌላ ነገር መጣብኝ» አለች። «እንደ መካኒክ ነው የሚያዋልዱት። እጃቸው እጅግ ጥሩ ነው፤ ቀና ብለው ግን አያዩም።»

አክስቴ የሠራችው ከወገብ እስከ ጭን ብቻ ነው። «ምን ላይ ያዩ? ጭንቅላት የላትም እኮ» አለች። ከዚያ ወስፌዋን ከጸጉሯ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጭንቅላት እኔ እሆናለሁ።»

በሚቀጥለው ፈተና አክስቴ አልጋ ላይ ወጥታ ጋደም አለች። የቆዳውን ዳሌ ከአሮጌ መኪና በተፈታ የወንበር ቀበቶ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ አንሶላ ለበሰች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ዕቃ አቀብል ነበር። የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ከክፍሉ አንደኛዋ ናት፤ ጓደኞቿ «ፈጣኗ» ይሏታል። ገባች፣ ታጠበች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ ሥራዋን ጀመረች።

አክስቴ አቃሰተች። «ልጄ» አለች፤ «ልሞት ነው እንዴ?»

ፈጣኗ አልመለሰችም። ጣቷ እርግብግቢቱን ፈልጎ አገኘ።

«ልጄ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

ልጅቷ ጭንቅላቱን ደገፈች፣ አዞረች፣ ትከሻውን አወጣች፣ ሕፃኑን ጠርጋ እናቱ ሆድ ላይ አስተኛች። አንዲት እንከን አልነበረባትም። «ጨርሻለሁ፣ ሲስተር» አለች።

አክስቴ አልተነሳችም። ጣሪያውን እያየች ተናገረች። «እጅሽ ወርቅ ነው፣ ልጄ። ግን እዚህ፣ ጭንቅላቴ ጋ፣ ብቻዬን ነው የወለድኩት።»

ልጅቷ ጓንቷን ሳታወልቅ ወጣች። ሲስተር «ነገ ትደግማለች» ብቻ አለች።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ አክስቴን «አልበዛባትም?» አልኳት። ትንሽ ተራመደችና መለሰችልኝ።

«የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ልጅ ነበርኩ። ሦስት ሰዎች እግሬ ጋ ቆመው ምሳ ምን እንበላ ብለው ይጨቃጨቁ ነበር። አንዳቸውም ፊቴን አላዩኝም። ምጡን እኮ ረስቼዋለሁ። እነሱን ግን አልረሳኋቸውም።»

በማግሥቱ ፈጣኗ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ታጠበችና ወደ እግርጌ አልሄደችም፤ አክስቴ ጭንቅላት አጠገብ በርከክ ብላ ስሟን ነገረቻት። «የማደርገውን ሁሉ እየነገርኩዎት ነው የምሠራው። ሲያምዎት ክንዴን ይያዙ፤ እኔ አለሁ።» አክስቴ የልቧን ያህል ቆነጠጠቻት። ልጅቷ ሳታቋርጥ አወራቻት። ሕፃኑ ሲወጣ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ የጨርቅ ልጅ መሆኑን ሁለቱም ዘንግተውታል።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ የፈተና ሴት ሆነች። ሁልጊዜ ግን አንድ ዓይነት ሴት አልነበረችም። አንዴ ተሳዳቢ ትሆናለች፤ «እጅሽ እንደ በረዶ ነው፣ ከማን ቤት ነው የተላክሽብኝ» ትላለች። አንዴ እናቴን ጥሩልኝ እያለች ትለማመጣለች። አንዴ እንደማፈር ብላ አንሶላውን ከአገጯ በታች አታወርድም። አንድ ጊዜም ትከሻው ሰፊ የሆነ ሌላ ሕፃን ሰፍታ ሁሉንም አስቸገረቻቸው። ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመው «ዛሬ ማን ሆነው ይሆን የመጡት?» ይባባሉ ነበር። ቀልድ አዋቂነቷን ሁላችን እናውቅ ነበር፤ ያን ያህል ሰው ውስጧ እንዳለ ግን እኔም አላውቅም ነበር። ሲስተር አንድ ቀን ከፈተና በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ይህን ነገር እኔ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም» አለቻት። «እኔም ከቆዳ አላገኘሁትም» አለች አክስቴ።

ፈጣኗ ተመርቃ ሩቅ ጤና ጣቢያ ደረሳት። ዓመት ያህል ቆይታ ለእረፍት ስትመጣ ወላጆቿ ቤት ሳትገባ ቀጥታ ሱቃችን መጣች፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ነው። አክስቴ የጭነት መኪና ወንበር ላይ ጎንበስ ብላ ትሰፋ ነበር።

«አንዲት እናት ገጠመችኝ» አለች ልጅቷ። «ጭንቅላቱ ወጣ፣ ትከሻው ተያዘ። ሐኪም የለም፣ መኪና የለም። ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣ ዓይኗን ገልብጣለች። እርስዎ ያንን ትከሻው ሰፊ የሆነ ሕፃን ሰፍተው ያስቸገሩን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጉልበቷን ወደ ደረቷ አስጠጋን፣ ረዳቴ ከሆዷ በታች ተጫነች፤ ከዚያ እጄ ክንዱን ፈልጎ አገኘና አወጣው። አሰብኩ ማለት አልችልም። እጄ የሚያውቀው ቦታ ነበር።»

«ልጁስ?» አልኩ እኔ።

«ደህና ነው። እናቱም ደህና ናት።»

አክስቴ መስፋቷን አላቆመችም። «ምን አልሻት?» አለች።

«እንዴት?»

«ተስፋ ስትቆርጥ። ምን አልሻት?»

ልጅቷ አሰበች። «አብረን ነን፣ የትም አልሄድም አልኳት። ደጋግሜ አልኳት።»

«ጥሩ» አለች አክስቴ። ልጅቷ ስትሄድ ግን የሰፋችውን ሁሉ ፈትታ እንደገና ስትጀምር አየኋት፤ መስመሩ ወዲያና ወዲህ ሄዷል።

ወሬው እየተሰማ ሄዶ የከተማው ሙዚየም ሰዎች መጡ። ሰዎች በእጃቸው የፈለሰፏቸውን ነገሮች የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ሊከፍቱ ነው፤ «እትዬ ዝም»ን ፈለጓት።

«ሥራ ላይ ናት፤ አትመጣም» አለች አክስቴ። ብዙ ሲለምኗት ግን ሌላ ሰፋችላቸው።

በመክፈቻው ቀን ሁላችን ለብሰን ሄድን። ጋሼም መጡ፤ ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር አሁንም አልወጣላቸውም፣ ግን መጡ። የአክስቴ ሥራ መሀል አዳራሹ ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ መብራት በርቶበት ተቀምጧል። ሰዉ ቀረብ ይላል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። የአክስቴ ፊት እየጠቆረ ሄደ።

የዐውደ ርእዩን ኃላፊ ጠርታ «ልጄ፣ ይህቺ ለዓይን የተሠራች አይደለችም» አለችው። «እጁን ያላስገባ ሰው ምንም አላየም።»

ወጣቱ ግራና ቀኝ አየ። ትንሽ አመነታና ቁልፉን አውጥቶ መስታወቱን ራሱ አነሳው። ማንም አልተጠጋም። ወንዶቹ ጣሪያ ማየት ጀመሩ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ያን ጊዜ ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አቀበሉኝ። የተተኮሰውን ሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ።

«እንዴት ነው የሚያዘው?» አሉ።

ሲስተር አጠገባቸው ቆመች። «ቀስ ብለው ያስገቡ። ጭንቅላቱን አገኙት? አይሳቡት። እሱ ይመጣል፤ እርስዎ ይደግፉት ብቻ። አሁን ይዞራል፣ አብረውት ይዙሩ።»

በከተማችን ጠባብ መንገድ ላይ ያን ግዙፍ አውቶቡስ እንደ ብስክሌት የሚያዞሩ ሰው፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ጭንቅላቱ ሲወጣ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ትከሻው ሲወጣ ለቀቁት። ሕፃኑ ተንሸራቶ ሊወድቅባቸው ሲል ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እንደዚያው ታቅፈውት ወደ አክስቴ ዞሩ።

«አራት ጊዜ?» አሉ።

«አራት ጊዜ» አለች። «አንተ ደግሞ አራቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ» አሉ ጋሼ። አክስቴ ሕፃኑን ተቀብላ በሌላ እጇ የሸሚዛቸውን እጅጌ ወደ ታች መለሰችላቸው፣ ቁልፉንም ቆለፈችላቸው። ከኋላቸው አንድ ሰው እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ፣ ከዚያ ሌላ። ስንወጣ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ደርሶ ነበር። ሙዚየሙ መስታወቱን መልሶ አልገጠመውም።

ዛሬ ከሌሎች ከተሞች ትምህርት ቤቶችም ትዕዛዝ ይላክልናል። ጭንቅላቱን አሁን እኔ ነኝ የምሰፋው፤ ቅንድቡን ግን ለማንም አትሰጥም። ጉልበቷ አልጋ ላይ መውጣት እምቢ ስላላት የፈተና ሴትነቱን ለሰፈራችን ሴቶች አስተላልፋለች፤ የጎማ ጠጋኙ ሚስት ከሁሉ ትበልጣለች፣ ስድቧም የራሷ ነው። ሲስተር ጡረታ ወጥታለች፤ ከሰዓት ከሰዓት ሱቃችን መጥታ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ሁለቱ ሻይ ይዘው ስለ ሰው ወንበርና ስለ ሰው ልጅ ሲከራከሩ ይውላሉ። ጋሼ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ሲወለድ ፈረቃቸውን ቀይረው ማዋለጃው በር ላይ ዋሉ፤ ምጥ ላይ ያለችው ልጃቸው ስትጠራቸውም ገቡና ጭንቅላቷ አጠገብ ቆሙ።